አራት እሑድ በአንድ ጠዋት

«ጢኖ፣ አትወዛወዝ አልኩህ እኮ!»

«ውሃው ይቀዘቅዛል!»

«ይቀዝቅዝ። ትንሽ ነው የቀረን። ቁም!»

ጢኖ ቆመ። ማለት፣ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ መቆም የሚችለውን ያህል ቆመ። በአንድ እጁ የእህቱን ፀጉር ጨምድዶ ይዟል። እርጥብ ቀኝ እግሩ መታጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ የተነጠፈ ካርቶን ላይ አርፏል። እህቱ እግሩን አነሳችና ውሃው የተወውን ቅርፅ ሳይደርቅ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አሰመረችው። ከዚያ ጥግ ላይ ቀን ጻፈች። የጻፈችው የዛሬን ቀን ሳይሆን፣ ከአራት ሳምንት በፊት የነበረውን እሑድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጢኖ ውስጥ እግር ጠፍጣፋ ነው። የሌላ ሰው እግር መሃሉ ጎድጎድ ይላል፤ የእሱ ግን ሲቆም ሙሉ በሙሉ መሬት ይነካል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ከአንድ ወር በፊት ስታየው፣ «በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጅ እንዲህ ነው፤ አብዛኛው ሲያድግ ይስተካከልለታል። ባያመው ኖሮ እኔም አልነካውም ነበር» ብላ ነበር። ጢኖን ግን ያመዋል። ትንሽ ከሄደ ባቱን ይዞ መንገድ ላይ ዝርፍጥ ይላል። ስለዚህ በየቀኑ አሥር ደቂቃ እንቅስቃሴ ታዘዘለት፤ ካልሲ በእግር ጣት ማንሳት፣ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ እስከ ግድግዳው መሄድ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ባቱን ማሳሳብ። በየእሑዱ ደግሞ የእግሩ ቅርፅ ካርቶን ላይ ይወሰድና፣ በሳምንቱ አሞት እንደሆነ ከሥሩ ይጻፋል።

እናታቸው የደንብ ልብስ ስፌት ቤት ነው የምትሠራው። ጠዋት ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው፤ ስለዚህ ኃላፊነቱ በታላቅ እህቱ ላይ ወደቀ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ በቅጥነቷ «ሽቦ» ይሏታል። «አሥር ደቂቃ ምን አላት!» ብላ ነበር ሽቦ ያን ቀን። እውነቷን ነው፣ ምንም የላትም። ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዷ ጓደኛዋ ትደውላለች። እሷ ስትዘጋ ሌላዋ ትደውላለች፣ የመጀመሪያዋ ምን እንዳለች ለመስማት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን ሠሩ። በሁለተኛው አንድ ቀን። ከዚያ ወዲያ ካልሲዎቹም በሰላም አረፉ። እናቷ ስትገባ «ሠራችሁ?» ትላታለች፤ ሽቦም «ሠርተናል» ትላለች፣ አፏን ያዝ እንኳ ሳያደርጋት።

ይኸው ዛሬ ቅዳሜ ደረሰ፤ ቀጠሮው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ እናታቸውም ከሥራዋ አስፈቅዳ እዚያው ትጠብቃቸዋለች።

አራቱን ካርቶኖች ጎን ለጎን ስትደረድራቸው ክው አለች። አራቱም ድፍን፣ አራቱም አንድ ዓይነት! ይህን ያየ ሰው ምን ይላል? ሠርታችኋል ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ገለበጠቻቸውና በጀርባቸው እንደገና ጀመረች።

«ጢኖ፣ አሁን እግርህን ወደ ውጭ ዘንበል አድርግ። እንደዚህ። ጣቶችህን እጠፍ።»

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

«የእግር ጨዋታ ነው።»

«ማን አሸነፈ?»

«አንተ። አሁን ዝም በል።»

በሦስተኛው ካርቶን ላይ የእግሩ መሃል ትንሽ ገባ አለ። በአራተኛው ደህና አድርጎ ገባ። ሽቦ ከመጀመሪያው ሥር «አሞታል»፣ ከሁለተኛው ሥር «ትንሽ አሞታል»፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሥር ደግሞ «አላመመውም» ብላ ጻፈች። እስክሪብቶም ቀየረች። ለዚህ ለዚህማ ማን ብሏት!

ባለሙያዋ ነጭ ጋውን ስለምትለብስ የሚመጣው እናት ሁሉ «ዶክተር» ይላታል። «ዶክተር አይደለሁም» ትላለች፤ ማንም አይሰማትም። ጢኖን አስቆመችው፣ አራመደችው፣ ተንበርክካ ቁርጭምጭሚቱን ከኋላ አየችው።

«ሲቆም አሁንም ዝቅ ይላል» አለች ግንባሯን ቋጠር አድርጋ። ከዚያ ካርቶኖቹን ተቀብላ መስኮቱ ሥር ደረደረቻቸው። ፊቷ ፈካ። «ግን እኔ የማየው የአንድ ቀን እግር ነው። እነዚህ የአራት ሳምንት ናቸው። ከእኔ ዓይን ይልቅ እነሱን ነው የማምነው።»

ጎንበስ ብላ ወደ ጢኖ ዞረች። «አየህ ጎበዜ? እግርህ እየዳነ ነው። አሁንም ያምሃል?»

ጢኖ ካርቶኖቹን አየ። እህቱን አየ። ደረቱን ነፋ አደረገ። «አያመኝም!»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለቻት እናቱን። «ሕመሙ ባይሻለው ጫማው ውስጥ የሚገባ ድጋፍ ላሠራለት ነበር። የድጋፉ ልኬት መዝገብ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እንግዲህ እሱ አያስፈልግም፤ ከስድስት ወር በኋላ እንየው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር!» እናታቸው ሽቦን አገላብጣ ሳመቻት። «የኔ እናት! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር? ያንን የክፍላችሁን ጉዞ ፈቅጄልሻለሁ፤ ሂጂ!»

ሽቦ ጉዞውን ለሁለት ሳምንት ለምና ነበር። አሁን ሲፈቀድላት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ፈገግ አለችና ጢኖን እጁን ይዛው ወጣች።

እናታቸው በሩ ላይ ተለይታቸው ወደ ሥራዋ ሄደች። ሁለቱ በእግራቸው ወደ ቤት መሄድ ጀመሩ። ሌላ ጊዜ ጢኖ የጫማ ጠጋኙ ሱቅ ጋ ሲደርስ «እታ፣ ደከመኝ» ብሎ ደረጃው ላይ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ሱቁን አለፈ። ፋርማሲውንም አለፈ። ሽቦ ልቧ ቀለል አላት። ምናልባት እውነትም ተሽሎታል!

ከዚያ ዞር ብላ አየችው። ጢኖ በእግሩ ውጨኛ ጠርዝ ነው የሚሄደው፤ ልክ ጠዋት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ እንዳቆመችው። ከንፈሩን ነክሷል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አመመህ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለህ?»

«አላለቅስም። ዓይኔ ነው።»

«ጢኖ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

«እታ፣ ድኛለሁ እኮ! ዶክተሯ ብላለች! ከዳነ አያምም አይደል? ግን ያመኛል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

ሽቦ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ጢኖንም አጠገቧ አስቀምጣ ጫማውን ፈታችለትና ባቱን ማሸት ጀመረች። ባቱ ግትር ብሏል። እሷ ስልክ ስታወራ እሱ ካልሲውን ይዞ «እታ፣ ዛሬስ?» እያለ በር ላይ ሲቆም ታያት። አፈረች። ጆሮዋ እስኪግል አፈረች።

«አንተ ምንም አላበላሸህም» አለችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ጢኖ «እሺ» አለና አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

ከነገ ጀምሮ በደንብ ብንሠራስ? ብላ አሰበች። በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳያልፍ። ስልኳን በእናቷ ትራስ ሥር ትደብቀዋለች። በስድስት ወር ውስጥ እግሩ ይስተካከል ይሆናል፤ ማንም ምንም ሳያውቅ። እናቷም እንደዛሬው እያየቻት ትኖራለች። ጉዞውንም ትሄዳለች። ሐሳቡ ደስ ይላል። ጢኖ ግን ስድስት ወር ሙሉ በዚህ እግር ትምህርት ቤት ይመላለሳል፤ ሲያመው ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ስልኳን አየች። ለምሳ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀርቷል።

«ና፣ ጀርባዬ ላይ ውጣ።»

«ወደ ቤት?»

«ወደ ቤት አይደለም።»

እንዲህ ይከብዳል ብላ አላሰበችም። ቁርስ ላይ ስንት ዳቦ ነው የበላው ይሄ ልጅ? ሁለት ጊዜ ግድግዳ ተደግፋ አረፈች። ፋርማሲውን አልፈው፣ ጫማ ጠጋኙን አልፈው ሲደርሱ ባለሙያዋ ጋውኗን አውልቃ መዝገቡን ልትዘጋ ነበር።

«ምነው? ዕቃ ረሳችሁ?»

ሽቦ ጢኖን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ስለዚህ ያሰበችው ረጅሙ ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ካርቶኖቹን ዛሬ ጠዋት ነው የሠራኋቸው» አለች። «አራቱንም። የመጨረሻዎቹን እግሩን አዘንብዬ ነው። እንቅስቃሴውን ሦስት ቀን ብቻ ነው የሠራነው። ያመዋል። አሁንም እያመመው ነው።»

ባለሙያዋ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ከዚያ መዝገቡን መልሳ ከፈተችው።

«ጫማውን አውልቂለት» አለች። «እናትሽ ያውቃሉ?»

«አታውቅም።»

ሽቦ የጢኖን ጫማ አውልቃ ወንበሩ ሥር አስቀመጠችና ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለእናቷ ደወለች። ስልኩ ሲነሳ ከወዲያ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ይሰማል።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?» አለች እናቷ።

«ደህና ነን፣ እማዬ። አንድ ነገር አጥፍቻለሁ። ማታ ከምነግርሽ አሁን ልንገርሽ።»