«እኔን!» ያለው ታዛዥ

ትርንጎ ጠዋት ሸኖ ላይ ቁርሷን ትቀማምስና ላንጋኖ ሐይቅ ላይ ሰው ልታበላ ትሄዳለች። ትሄዳለች ይባል እንጂ ከሸኖ ንቅንቅ አትልም። ድሮ የድንች መጋዘን በነበረው አዳራሽ ውስጥ ጫማዋን አውልቃ ልብሰ አካሏን ታጠልቃለች። የራስ ቁሯን ስትደፋ፣ ከሐይቁ በላይ በተንሳፈፈችው «ጀንበር» በምትባል የአየር መርከብ ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ነጭ ማሽን ዓይኑን ይገልጣል።

ልብሰ አካል ማለት የለበሰው ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ሩቅ ያለ ማሽን እንዲደግመው የሚያደርግ ልብስ ነው። ትርንጎ እጇን ስታነሳ ማሽኑ ያነሳል፤ ጎንበስ ስትል ጎንበስ ይላል። ማሽኑ ትኩስ ሳህን ሲይዝ ደግሞ የትርንጎ መዳፍ ይሞቃል። የሳህኑን ሙቀት ካላወቀች እንግዳ ታቃጥላለቻ! ሙቀቱን ቀነስ አድርጎ የሚያስተላልፍ መሣሪያ አለ፤ የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ይገጠማል ተብሎ ነበር። የበጀት ዓመቱ ብዙ ጊዜ አለቀ።

እንግዶቹ ማሽኖቹን «ታዛዥ» ይሏቸዋል። በራሳቸው የሚያስቡ፣ የማይደክማቸው፣ ምንም የማይሰማቸው ፍጡሮች ናቸው ተብሎ ተነግሯቸዋል። «ትሕትና አገልግሎት» የተባለው ድርጅት የሚሸጠው ይህንኑ ነው፤ የሰው ዓይን የሌለበት መስተንግዶ። እናም እንግዳ ታዛዥ ፊት ሚስቱን ይሰድባል፣ ጉቦ ይደራደራል፣ ጥርሱን ይጎረጉራል። ጠግቦ ሲነሳ የታዛዡን ደረት በጣቱ ነካ ያደርግና ቲፕ ይሰጣል። ያውም ዳጎስ ያለ ቲፕ። ገንዘቡ «የቅባት ሂሳብ» ወደሚባል ቋት ይገባል፤ ለማሽኖቹ መገጣጠሚያ ቅባት መግዣ ነው ይባላል። በቲፑ ልክ ቅባት ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ላንጋኖ ራሱ ዘይት በሆነ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሰውነቴ ሳስተናግድ ዝርዝር ነበር የሚጥሉልኝ» ይላል ከትርንጎ ጎን የሚሠራው ጋሽ ደምሰው፣ ልብሱን እየቆለፈ። ድሮ የሆቴል አስተናጋጅ ነበር። አሁን እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ልብሱ መንቀጥቀጡን እያጣራ ያስቀርለታል እንጂ ብርጭቆ አይተርፍም ነበር። «ቆርቆሮ ስሆን ብር ዘነበ።»

«ለምን ይመስልሃል ጋሼ?»

«ለሰው ሲሰጡማ ቤት ኪራዩ ትዝ ይላቸዋል፣ የልጆቹ ጫማ ትዝ ይላቸዋል፤ የሰጡት እንደማይበቃ ያውቁታል። ስለዚህ ይከፋቸዋል። ቆርቆሮ ምን ልጅ አለው? ሰጥተው ይረሱታል።»

የአዳራሹ ተቆጣጣሪ አቶ ልዑልሰገድ በየማለዳው አንዲት ነገር ሳይናገሩ አይውሉም። «ከመካከላችሁ አንድ ሰው፣ ሰው መሆኑ ቢታወቅ ውሉ ይፈርሳል። ይህ አዳራሽ ተመልሶ የድንች ይሆናል። እናንተም ወደየመጣችሁበት።» የመጡበትን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሥራ የሚባል ነገር እዚያ ቢኖር ኖሮ አይመጡም ነበር።

ጥንቃቄውም ቀላል አልነበረም። ከአፋቸው የሚወጣው ሁሉ «ወንፊት» በሚባል የድምፅ ማጣሪያ ያልፋል። ወንፊቱ የሚያሳልፈው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ «እንኳን ደህና መጡ»፣ «ምን ልታዘዝ?»፣ «ይጨመር?»፣ «ይቅርታ»። ከዚህ ውጭ ያለውን ንግግር ይይዘዋል፤ ጩኸት ሲበዛበት ከእነዚሁ አንዱን ይተካበታል፤ ያለፈውንም የወንድ ይሁን የሴት በማይለይ ለስላሳ ድምፅ ይለውጠዋል። ትርንጎ አንዳንድ ቀን ወንፊቱን ተማምና እንግዳውን እስኪበቃት ትሰድበዋለች። እንግዳው ዝምታ ይሰማና «እንዴት ያለ ጨዋ ማሽን ነው!» ይላል።

እሑድ ለምሳ ወይዘሮ ውዳላት መጡ። ቢሾፍቱና ሐዋሳ ላይ ሆቴሎች ያሏቸው ሴትዮ ናቸው። አስተናጋጆቻቸውን አሰናብተው ታዛዥ ሊያስገቡ አስበዋል፤ የመጡት ዕቃውን ሊያዩ ነው። የትሕትና አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ ራሱ አብሯቸው ተቀምጦ የዓሣቸውን እሾህ ይለቅምላቸዋል። ትርንጎ ከጀርባቸው ቆማለች።

«ደመወዝ አይጠይቅም?» አሉ ወይዘሮ ውዳላት።

«ኧረ በጭራሽ።»

«አያኮርፍም? ዘመድ ሞተብኝ አይልም?»

«ዘመድ የለውማ!» ብሎ ሳቀ ሥራ አስኪያጁ። የትርንጎ ወንድም ባለፈው ወር ሲቀበር ትርንጎ ለእንግዶች ሾርባ ታቀርብ ነበር። ወንፊቱ በዚያች ሰዓት ብዙ ነገር ያዘ።

ወይዘሮ ውዳላት እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ። ሲመለሱ ነፋስ መርከቧን ገጨት አደረጋት። ጠርሙሶች ተንኳኩ፤ የሴትየዋን ተረከዝ ምንጣፉ ያዘውና ወደፊት ተወረወሩ። ፊት ለፊታቸው የመስታወት ጠረጴዛ አለ። ትርንጎ ዘላ በሁለት እጇ ያዘቻቸው።

ያን ጊዜ ነው ጉድ የፈላው። ነፋሱ የመርከቧን አንቴና ሲያንገጫግጨው ወንፊቱ ለአንድ አፍታ ተቋረጠ። ከታዛዡም ደረት፣ በምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ፊት፣ የሸዋ ገጠር ጠረን ያለው የሴት ድምፅ ወጣ፦

«እኔን! እኔን ድፍት ያርገኝ!»

ሹካው ሁሉ ቆመ።

ይህን ቃል ማንም መሐንዲስ ማሽን ውስጥ አይጨምርም። ምን ብሎ ይጨምረዋል? የተደናቀፈው ሌላ፣ ልደፋ የሚለው ሌላ፤ ለማሽን ስሌቱ አይገባም። ሰውም ቢሆን አስቦ አይለውም። ከእናት ጉያ ይዞት ይወጣና፣ ሰው ሲደናቀፍ ባየ ቁጥር ከአፉ ያመልጠዋል። ትርንጎ የማትወዳቸውን ሴትዮ አቅፋ ቆማ፣ ያለችውን የሰማችው ራሷ ከተናገረችው በኋላ ነው።

«አለቀልን!» አሉ አቶ ልዑልሰገድ በጆሮዋ ውስጥ።

ሥራ አስኪያጁ ላብ እየጠረገ ሳቀ። «አዲስ የጨመርነው ነው። ለባህላችን እንዲቀርብ ብለን።»

«በሴት ድምፅ?» አሉ ወይዘሮ ውዳላት ቀሚሳቸውን እያስተካከሉ።

«ያው... ለለውጥ ያህል።»

«ስማ፣ ውስጡ ሰው ካለ አልገዛም። ሰው ከሆነማ የራሴን መቼ አጣሁ?» ከዚያ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ሻይ ይምጣልኝ። የሚፋጅ።»

ሻዩን ያመጣችው ትርንጎ ናት። የምትቃጠልበትን ራሷ ይዛ መጣች።

«እጅህን ዘርጋ፣ አንተ ቆርቆሮ» አሉ ወይዘሮ ውዳላት።

ትርንጎ ዘረጋች። ሴትየዋ ማንቆርቆሪያውን አነሱ።

«ትርንጎ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ በጆሮዋ ውስጥ፣ «የእኔ እናት፣ እጅሽን እንዳታንቀሳቅሺ። የዚህ ሁሉ ሰው እንጀራ እጅሽ ላይ ነው።»

እጇ ላይ የነበረው እንጀራ ሳይሆን የፈላ ሻይ ነበር። ቀስ ተብሎ፣ እንደ እጅ መታጠቢያ ውሃ፣ መሀል መዳፏ ላይ ይንቆረቆራል። ትርንጎ ሸኖ ላይ ጥርሷን ነከሰች፤ እጇም ባለበት ቀረ። ሙቀቱን የሚያስተላልፈው የልብሱ ሽቦ ከሻዩ ይብስ ነበር፤ ሻይ እንኳ ይፈሳል፣ ሽቦው ግን የትም አይሄድ። በጩኸት የሸኖን መጋዘን አናወጠችው። ወንፊቱ ተመልሶ በሥራው ላይ ነበርና ላንጋኖ ላይ የተሰማው፦

«ይጨመር?»

ምግብ ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ አስተጋባ። «አላልኩም!» አለ ሥራ አስኪያጁ። ወይዘሮ ውዳላት ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ፣ ታዛዡን ዓይን ዓይኑን አዩት፣ ከዚያ ደረቱን በጣታቸው ነካ አደረጉ። የትርንጎን የወር ደመወዝ የሚያስከነዳ ቲፕ ወደ ቅባት ሂሳብ ገባ።

ሸኖ ላይ አቶ ልዑልሰገድ እየሮጡ መጡ። «ጀግና! አተረፍሽን! ስሚ ደግሞ፣ ሥራ አስኪያጁ አሁን ደወለልኝ። እንግዶቹ በጣም ወደውታል። የምሳ ሰዓት ትርኢት ይሁን ተብሏል። የፈለገ ጠረጴዛ ይሞክራል።»

«ማን እጅ ላይ?» አለች ትርንጎ ከቁሩ ውስጥ።

«በየተራ ነዋ። አንቺ ብቻሽን እንድትቃጠይ ማን ፈረደብሽ? እኛ'ኮ ሰው ነን።»

«መሣሪያውስ? ሙቀቱን የሚቀንሰው?»

«በጀት ዓመቱ...»

ላንጋኖ ላይ ከመስኮቱ ዳር የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰውዬ የሾርባ ጭልፋ ይዞ ተነስቷል። ጓደኞቹ ስልካቸውን ደግነዋል። የጠራው ታዛዥ የጋሽ ደምሰውን ነው። ትርንጎ ነጩ ማሽን በዝግታ ወደ ሰውዬው ሲሄድ አየችው። የጋሽ ደምሰው እጅ ደህና ቀን እንኳ አይረጋም፤ ልብሱ የሚያጣራው ደግሞ መንቀጥቀጥን እንጂ ድንጋጤን አይደለም። አንድ ጠብታ ሲነካው መዝለሉ አይቀርም፤ ከዘለለ ደግሞ ሁሉም ነገር ያከትማል፤ የአዳራሹን መዘጋት እሱ ተሸክሞ ሊሞት ነው።

የትርንጎ አንጀት አረረ። መዳፏ ካረረው በላይ አረረ። ይሄ ሁሉ እንዲሆን ያደረገው ምን ነበር? ሰው ሲወድቅ ይዛ ማዳኗ! ብትተዋቸው ኖሮ ወይዘሮ ውዳላት መስታወቱ ላይ ተተክለው፣ ታዛዡም «ይቅርታ» ብሎ፣ ሁሉ ነገር በሰላም ያልፍ ነበር።

የሰውዬውንና የጋሽ ደምሰውን መሀል ሰንጥቃ አለፈች። ጭልፋውን ከሰውዬው እጅ ተቀብላ የሾርባው ሳህን ውስጥ መለሰችው። ከዚያ የሰውዬውን ወንበር ሳበችና ተቀመጠችበት።

በጀንበር ታሪክ ታዛዥ ተቀምጦ አያውቅም። ሰውዬው እንደ ቆመ ቀረ።

«ተነስ!» አለ። ታዛዡ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ትርንጎ! አብደሻል? ተነሺ!» አሉ አቶ ልዑልሰገድ።

«ደክሞኛል አቶ ልዑልሰገድ» አለች። «ሰው ነን ብለውኝ የለ? ሰው ደግሞ ይደክመዋል።»

ጋሽ ደምሰው በወዲያ በኩል ተነፈሰ። «እውነትሽን ነው። እኔም ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ነው የዋለው» አለና ባዶ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ቀጥላ በሩ አጠገብ ያለችው ተቀመጠች። መጠጥ ቤቱ ጋ ያለው ወንበር ቢያጣ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለ። በሸኖው መጋዘን ውስጥ፣ ሰው በሙሉ የራስ ቁሩን እንደደፋ፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። አቶ ልዑልሰገድ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጡ ትከሻ ይጎትታሉ፤ ያስነሱት ሲቀመጥ ሌላ ሊያስነሱ ይሄዳሉ።

ትርንጎ ጠበቀች። አሁን ይጮሃሉ፣ አሁን «ለካ ሰው ናቸው!» ይባላል፣ ውሉም ይፈርሳል ብላ ልቧን አጽንታ ጠበቀች። አንዱ እንኳ አፍሮ ጭልፋውን ይደብቅ ይሆናል ብላም ጠበቀች።

«ተበላሹ» አለ አንዱ እንግዳ።

«ነፋሱ ነው» አለች ሌላዋ።

«ጥቃቅን የቴክኒክ ችግር አጋጥሞናል» አለ ድምፅ ማጉያው። «ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን።»

በቃ፣ ይኸው ነበር። የሴት ድምፅ በጆሯቸው የሰሙ ሰዎች፣ አንድ ምግብ ቤት ሙሉ ሰው፣ ተመልሰው ዓሣቸውን ያዙ። ወለሉ ላይ ቁጢጥ ያለውን ታዛዥ እየተራመዱት ያልፋሉ። አንዱ ኮቱን አውልቆ ጋሽ ደምሰው ትከሻ ላይ ሰቀለው።

ትርንጎን ከሻዩ ይልቅ ያቃጠላት ይሄ ነው። እሷና ባልደረቦቿ ተደብቀው ከርመው አልነበረም። የሚያያቸው አጥተው ነበር።

ወይዘሮ ውዳላት ብድግ ብለው መጡና ከትርንጎ አጠገብ ያለውን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ግራ ቀኝ አዩ። አፋቸውን ወደ ታዛዡ ጆሮ አስጠግተው በሹክሹክታ፦

«ተነሺ ልጄ፣ እባክሽ» አሉ።

ትርንጎ ፊቷን ወደ ሴትየዋ አዞረች።

«አውቄያለሁ'ኮ። ‹ድፍት ያርገኝ› ስትይ ነው ያወቅሁት። እናቴ ሲያደናቅፈኝ እንደዚያው ነበር የምትለኝ።»

«ታዲያ ለምን አቃጠልሽኝ?» አለች ትርንጎ፣ «እርስዎ» ማለቱ ጠፍቷት። ወንፊቱ ያዘው። ሴትየዋ የሰሙት ዝምታ ነው፤ ዝምታውን ግን የተረዱት ይመስላሉ።

«ድምፅሽን ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ እየተቃጠልሽ እጅሽን ሳታነሺ እንዲያዩሽ ስለፈለግሁ ነው» አሉ። «ብታነሺማ ሰው መሆንሽ በሰው ፊት ይታወቃል። ከታወቀ ደግሞ ደመወዝሽን መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። የሚከፍሉሽን ከሰማሁ ምሳው አይዋጥልኝም። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ክፉ ብሆን ግድም አይሰጠኝ ነበር። አየሽ፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንበላው። እስቲ አሁን ተነሺ፤ ሰዉን አታስጨንቂ። ቲፑንም እጨምርልሻለሁ።» ጣታቸውን ወደ ታዛዡ ደረት ሰደዱ።

ትርንጎ ልትመልስላቸው የምትችለውን አሰበች። «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ቃል አለ። «ምን ልታዘዝ?» አለ። «ይቅርታ» አለ። ከዚህ ሌላ ለሴትየዋ የሚደርስ ቃል አልተሰጣትም።

ስለዚህ በደህነኛው እጇ የራስ ቁሩን ከጭንቅላቷ ላይ አወለቀች። ልብሰ አካሏን ገፋ ሲሚንቶው ላይ ጣለችውና በባዶ እግሯ ወደ በሩ ሄደች፤ ጋሽ ደምሰውም የራሱን እየፈታ ተከተላት።

ላንጋኖ ላይ የነጩ ማሽን አንገት ዝንብል ብሎ ግንባሩ ጠረጴዛውን መታው። ወይዘሮ ውዳላት ጣታቸው ደረቱ ላይ እንደ ነበረ «ልጄ?» አሉ። ደገሙት። ጀንበር ላይ ከተሳፈሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አጠገባቸው የነበረው ማሽን ብቻ ነበር።