ዝግባው ከመውደቁ በፊት

እኔ ጋኔን ታየ፣ ውቃቢ ጮኸ ሲባል የምስቅ ሴት ነኝ፣ ጎረቤቶቼን ጠይቁ፣ "እስቲ እኔም ቤት ይምጣና ልየው" እያልኩ ሳሾፍ ነው የኖርኩት። ይህን የማወራችሁም ብቻዬን መያዙ ስላቃተኝ ነው።

ከጎረቤላ ከተማ በታች ያለውን ጫካ መንደራችን በማኅበር ነው የሚጠብቀው፣ ለየቤቱ ተራ ይደርሰዋል፣ ባሌ ካረፈ ወዲህ የቤታችንን ተራ የምወጣው እኔ ነኝ። ጉሬዛዎቹ የተመለሱት ጥበቃው ከተጀመረ በኋላ ነው፣ ትልቁ ዝግባ ላይ ያድራሉ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከገዛ ፍየሎቼ ይልቅ እነሱ ያሳስቡኛል።

ነገሩ የጀመረ ቀን ተረኞቹ እኔና በርበሬ ነጋዴው ጎረቤቴ ሰይድ ነበርን። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ ሸፈነን፣ ትንሽ ቆይቶ የምሳር ድምፅ ሰማን።

"እትዬ፣ ከዝግባው በኩል ነው" አለኝ ሰይድ።

ፊሽካዬን እየነፋሁ ሮጥን፣ ሳንደርስ ግን ዛፉ ሲሰነጠቅ፣ ከዚያም ሲወድቅ ሰማን፣ እመኑኝ፣ መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ጉሙ ገለጥ ሲል ዝግባው ቆሟል፣ ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ቁልቁል ያዩናል፣ መሬት ላይ አንዲት ስንጣሪ እንኳ የለችም።

"አልሃምዱሊላህ" አለ ሰይድ፣ ግንዱን ግን ሦስቴ ዞረው። እኔ ሳቅሁበት።

በሳምንቱ ዝግባው ተቆርጦ ተገኘ። የዕለቱ ተረኞች እዚያው አጠገቡ ተቀምጠው ውለው ነበር፣ ምንም ድምፅ አልሰማንም ብለው ማሉ። ሰው ሁሉ ተኝተው ነው አላቸው፣ እኔና ሰይድ ግን ተያየን፣ ድምፁን እኛ ከሳምንት በፊት ሰምተነዋላ። ለማኅበሩ ሰብሳቢ ሄጄ ብነግረው "ሐዘኑ ነው እህቴ፣ ትንሽ እረፊ" ብሎ ሸኘኝ።

ባለፈው ሐሙስ ተራችን ነበር። ጉም ወጣ፣ ምሳሩ ጀመረ፣ አሁን ግን አንድ አልነበረም፣ ከላይም ከታችም ይመታል፣ አንዱ ዛፍ ወድቆ ሳያበቃ ሌላው ይሰነጠቃል። አልሮጥኩም፣ ወዴት ልሩጥ? ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስኪያበቃ አለቀስኩ። ጉሙ ሲነሳ ጫካው እንዳለ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምንም ድምፅ የለም፣ ዛሬም ጫካው ከጧት ጀምሮ ልክ ዝግባው እንደተቆረጠ ቀን ጸጥ ብሏል፣ ሰይድ "ሰላም ነው፣ እትዬ" ይለኛል፣ ራሱም እንዳላመነው ያስታውቅበታል። ጆሮ የሚጠቅም ስላልሆነ ተነስቼ ዛፎቹን አንድ በአንድ በእጄ እየነካሁ እሄዳለሁ፣ ይኸው አለ፣ ይኸው አለ እያልኩ፣ ዞር ስል የነካኋቸውን ጉሙ ሸፍኗቸዋል።