ቡሬ አጎንብሳ የገባችበት በር

ሰው አየሁ ሰማሁ ሲለኝ "እንቅልፍህን አልጠገብክም" እያልኩ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ አሁንም የሌላ ሰው ወሬ ከሆነ አላምንም፣ ይኼኛውን ግን በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነውና ምን ላድርገው።

ትርንጎን የወለድኳት ከቁሐር ሚካኤል ወጥተን ወረታ ከገባን በኋላ ነው፣ ጎርፍ ቤታችንን አፍርሶት፣ አማቴም፣ የባሌ እናት፣ በዚያው ክረምት አርፈው። ታመምኩና ጡቴ ደረቀ፣ ልጄም የላማችንን የቡሬን ወተት ብቻ ነበር የምትይዝ፣ ሌላውን ሁሉ ታስመልሰዋለች። ታዲያ የቡሬ ጥጃ ሞተና ላሚቱ ወተቷን ያዘች፣ ግቷ ተወጥሮ ጠብታ አትሰጥም።

አማቴ በደህናው ጊዜ ያለ ጥጃ መታለብ አስለምደዋት ነበር፣ ግሬራውን፣ ማለቢያውን ማለቴ ነው፣ በጣታቸው መታ መታ፣ ጠብ ጠብ ያደርጉላታል፣ እሷም ትከሻቸውን እየላሰች ትለቅላቸዋለች። እኔ ወረታ ላይ እንደሳቸው ባደርግ ባደርግ ዞራም አላየችኝ። ትርንጎ ማልቀሱን እንኳ ትታ አፏን ብቻ ትከፍት ጀመር።

ከብት አዋቂው ጎረቤታችን አያ ታከለ "አንቺ፣ ላሚቱ የለመደችው ከነቤቱ ነው፣ ወደዚያው መልሰሽ ሞክሪ እስቲ" አሉኝ።

"የፈረሰ ቤት ሊያልብልሽ ነው?" አለ ባሌ፣ ልጅቷን እንዳቀፈ ፊቱን እያዞረብኝ።

"አንተ ብቻ ልጄን ያዝልኝ" ብዬ ላሚቱን እየነዳሁ ወጣሁ።

ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከቤቱ የቀረው አንድ ምሰሶና ሣር የበቀለበት መደብ ነው። የድሮው በራችን ዝቅ ያለ ስለነበር ሰውም ከብትም አጎንብሶ ነበር የሚገባ፣ እመኑኝ፣ ቡሬ በሩ የነበረበት ስትደርስ ቆመች፣ ምንም በሌለበት አንገቷን ሰብራ አጎነበሰችና ገባች፣ ሄዳም ጋጧ የነበረበት ቆመች። ግሬራውን ጠብ ጠብ አደረግሁ። ምንም። ደጋገምኩ፣ ምንም። ያኔ ግሬራውን ከሥሯ አስቀምጬ፣ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ "እምዬ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው" ብዬ አማቴን እየጠራሁ አለቀስኩ።

ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ግሬራው በጣት ይመታል፣ ሁለቱም እጆቼ ግን ፊቴ ላይ ናቸው። ቀጥሎ ወተት ግሬራ ውስጥ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ፣ ያንን መቼም አልስተውም። ነጠላውን መግለጥ አቃተኝ። በመጨረሻ ስገልጥ ቡሬ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ የተቀመጠ ሰው ትከሻ በሚሆንበት ልክ ባዶውን አየር ትልሳለች። ግሬራው ሞልቷል፣ አረፋው ገና ይተነፍሳል።

እናንተ ብትሆኑ ትደፉት ነበር? እኔ አልደፋሁትም። ትርንጎ ጠጣች፣ ረጋላትም፣ ቡሬም ከዚያ ወዲያ ወረታም ላይ ጠብ ጠብ ሳደርግላት ትሰጠኝ ጀመር።

"ማን አለበልሽ?" ቢለኝ ባሌ "ቤቱ" አልኩት፣ የቀለድኩ መሰለው።

አሁን ትርንጎ መራመድ ጀምራለች። የወረታው ቤታችን በር ረጅም ነው፣ የድሮውን ቤት ደግሞ አይታው አታውቅም። ግን በገባች ቁጥር አንገቷን ሰብራ ጎንበስ ትላለች። ባሌ "ይኼን ከማን ለመደችው?" እያለ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ፣ ልጄ ጎንበስ ብላ የምትገባው የትኛው ቤት እንደሆነ ግን እስካሁን ልጠይቃት አልደፈርኩም።