የቱ እጅጌ ነበር?

ዶክተሩ በሚመራው የምርምር ተቋም፣ ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ በገዛ የሽልማት ዋንጫው ተፈንክቶ ተገኘ። ዕድሜውን የፈጀው የሰው ትዝታ እንዴት እንደሚዋሽ ሲያጠና ነው። የእሱ ትዝታ ግን አይዋሽም፤ ያዋለደችውን ነርስ ስንቴ እንዳስነጠሳት ሳይቀር ያስታውሳል ይባል ነበር። ያላመነ ነርሷን ይጠይቅ።

በነጋታው፣ ሰው ሁሉ «መርፌ» የሚላት መርማሪ ስትጠራ የግቢው ዘበኛ ታስሮ ነበር። ሚስቱ በሩ ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«እህቴ፣ ትናንት ‹አልነካሁትም› ይል ነበር። ሲጠይቁት አድረው ዛሬ ‹እንጃ› ማለት ጀምሯል። ነገ ምን ሊል ነው? ቶሎ በይልኝ!»

መርፌ ቢሮውን አየች። በሩ ገፋ ሲያደርጉት ራሱን የሚቆልፍ ነው። ከበሩ ጀርባ የዘበኛው የዝናብ ካፖርት ተሰቅሏል፤ የተንጠባጠበው ውሃ ከሥሩ ደርቆ ወለሉ ላይ ክብ ሠርቷል። እጅጌዎቹን አገላብጣ አየች።

መጀመሪያ የሟቹን የእህት ልጅ ጠየቀች፤ እዚያው ተመራማሪ ናት።

«ዘበኛው ከአጎቴ ቢሮ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ካፖርቱን ለብሶ ነበር፤ ቀኝ እጅጌው ደም ነክቶታል።»

«የምን ቀኝ! ግራው ነው እንጂ» አለች የዶክተሩ ጸሐፊ በተራዋ። «በዚህ ዓይኔ!»

«የካፖርቱን ነገር መጀመሪያ ያነሳው ማነው?»

«የዶክተሩ ምክትል መሰለኝ። ሻይ ስንጠጣ ‹ዘበኛው ቅድም ከዶክተሩ ጋ ሲወጣ የካፖርቱ የቱ እጅጌ ነበር የቆሸሸው?› ሲለን ትዝ አለን።»

«መቼ ነው የጠጣችሁት?»

«ዶክተሩ አልከፍት ብሎን፣ ዘበኛው ቁልፍ እስኪያመጣ ስንጠብቅ።»

ከሰዓት በኋላ መርፌ ሦስቱንም ሻይ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ምክትሉ እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ያዩ ሰዎች ለየብቻ ሳይጠየቁ እርስ በርስ አያወሩም የሚል ደንብ አላችሁ አሉ።»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ ምክትሉ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«ታዲያ ምነው አንድ ላይ ጠየቅካቸው? ያውም ‹ቆሽሾ ነበር ወይ› ሳይሆን ‹የቱ እጅጌ› ብለህ። ቀኝ ነው ግራ ነው ሲሉ፣ ካፖርቱ መለበሱንም መቆሸሹንም ሳያስተውሉ ዋጡት።»

«ሰው ይሳሳታል።»

«አንተም ተሳስተሃል። ካፖርቱ ቢሮው ውስጥ እንደ ረጠበ ከተሰቀለበት አልተነቃነቀም፤ ከሥሩ የደረቀው የውሃ ክብ ይመሰክራል። እጅጌዎቹም ንጹሕ ናቸው።»

«ውይ!» አለች ጸሐፊዋ። «ትናንት ጠዋት በዝናብ፣ ዶክተሩ እኮ ነው ተውሶ ለብሶት የገባው!»

«ደግሞስ» አለች መርፌ፣ «በሩ ሳይከፈት፣ ሰው መሞቱን ማንም ሳያውቅ፣ የዘበኛ እጅጌ መቆሸሽ አንተን ምን አስጨነቀህ?»

ምክትሉ የተጣመረ እግሩን ፈታ።

«አጎቴ ምን አደረገህ?» አለች የሟቹ የእህት ልጅ።

«ጥናቴ ውሸት መሆኑን ሊያወጣብኝ ነበር። ሰው መጀመሪያ ይፈርዳል፣ ምክንያቱን ኋላ ይፈልጋል የሚለውን። አዎ፣ የተጠያቂዎቹን መልሶች ከራሴ ነው የፈጠርኳቸው።» ፈገግ አለ። «ግን እስቲ ራሳችሁን እዩ! ዘበኛው ነው ስላችሁ ከእናንተ ማን ተጠራጠረ?»



መርፌ ካፖርቱን ይዛ ከዘበኛው ሚስት ጋር ጣቢያ ሄደች።

«ጋሼ፣ ተፈትተዋል። ገዳዩ ተይዟል።»

ዘበኛው ካፖርቱን ተቀበለ። ቀኝ እጅጌውን ገለበጠ፤ ግራውንም ገለበጠ። ሚስቱን ቀና ብሎ አያት።

«ደሙን ማን አጠበው?»