የመብራቶቹ ስም ጥሪ

ቁልፉን ግማሽ ዞር ስታደርገው ዳሽቦርዱ ላይ አምስት መብራቶች በሩ። ሊበሩ የሚገባቸው ግን ስድስት ነበሩ።

ልጅቷ አቧራ የምትወለውልበትን ጨርቅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንደገና ሞከረች። ባትሪ፣ ዘይት፣ ሙቀት፣ ሞተር፣ ነዳጅ። አምስት። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበችው። በግራ በኩል ጥጉ ላይ፣ በክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ የተሳለበት ቀዩ መብራት አሁንም አልበራም።

ትናንት በርቶ ነበር። ችግሩ እንዲያውም አልጠፋ ማለቱ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ፒካፗን ከጓሮ ወደ ግቢው በር ሲያወጣት ሞተሩ ተነስቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ወርዶ፣ ሌሎቹ መብራቶች ሁሉ ጠፍተው ያ ቀይ ብቻውን አፍጦ ቀረ። እሷ ከጎኑ ተቀምጣ አይታዋለች። ማየቷንም እሱ አይቷል። ዛሬ ደግሞ ፒካፗን የሚገዛ ሰው ይመጣል።

ወደ ዳሽቦርዱ ጠጋ ስትል በሽፋኑ ብሎኖች ዙሪያ አዲስ ጭረት አየች። ካቻቪቴ የነካው ነገር ነው።

እነዚህን መብራቶች ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ነው የምታውቃቸው። አባቷ በሰፈሩ «ጎታቹ» ነበር የሚባለው። መንገድ ላይ የቆመ መኪና ቢኖር፣ ጭነት የሞላው ተሳቢ ቢኖር፣ የሚጎተተው በዚህች ፒካፕ ነበር። ጎረቤቶች «ልጄ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሞብኛል፣ ጎታቹን ጥሩልኝ» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም «ሰንሰለት የሚታሰርበት ቦታ ካለው አምጡት» ይላቸዋል።

ጠዋት ጠዋት እሷንና ወንድሟን ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ቁልፉን ግማሽ ያዞርና እንደ ክፍል አስተማሪ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ባትሪ?»

«አለ!» ይላሉ ሁለቱም እኩል።

«ዘይት?»

«አለ!»

ቁልፍ ሲዞር ያልበራ መብራት «ቀሪ» ይባላል፤ አምፖሉ ሞቷል፣ አደጋ ቢመጣ አፍ የለውም ማለት ነው። ሞተር ከተነሳ በኋላ አልጠፋም ያለው ደግሞ «ረባሽ» ነው። ረባሹ ቢጫ ከሆነ ቀስ ብሎ መካኒክ ጋ መሄድ ነው። ቀይ ከሆነ ግን ንቅንቅ የለም። «ቀሪ ካለስ?» ብሎ ይጮሃል አባቷ። «አንነሳም!» ብለው መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ይመልሳሉ። የሒሳብ ፈተና ባለበት ቀን አንዱ እንዲቀር ስትጸልይ ነበር የምታድረው፤ አንድም ቀን ቀርቶላት አያውቅም እንጂ።

ፍሬን ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚጠራው። ለምን እንደሆነ ጠይቃው ነበር። «ሌሎቹ ቢጠፉብን መንገድ ላይ እንቆማለን፣ አለቃ» አላት። አለቃ ነው የሚላት። «እሱ ቢጠፋብን ግን መቆምም የለ።»

ሰባት ዓመት ሲሆናት ያየችው ነገር አለ። ከኋላቸው ብሎኬት የሞላ ተሳቢ እየጎተቱ ቁልቁለት ሲጀምሩ ቀዩ መብራት ብልጭ አለ። አባቷ አልጮኸም፣ አልደነገጠም። ቀድሞውንም በከባድ ማርሽ ነበር የሚወርደው፤ ቀስ አድርጎ ወደ ጥግ አወጣትና አቆማት። «ውረጂና ድንጋይ አቀብይኝ» አላት። እሷ አቀበለችው፣ እሱ ጎማዎቹ ሥር አደረገ፤ ከዚያ መካኒኩ እስኪመጣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ መንገድ ዳር ተቀመጡ። የብሎኬቱ ባለቤት ስልክ እየደወለ ቢሰድበው፣ ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ የነበረው ወንድሟ «ቀስ ብለን ብንወርድስ?» ብሎ ቢነጫነጭ፣ አባቷ ዳቦ እየቆረሰ ሰጣቸው እንጂ ወይ ፍንክች።

«ባዶዋን ብትሆን እሞክራት ይሆናል» አለው ወንድሟን። «ከኋላህ የምትጎትተው ግን ቁም ስትለው አይሰማህም። ይገፋሃል።» ከዚያም ጊዜው እንዲያልፍላቸው የተሳቢውን ሰንሰለቶች አስፈትቶ እንዴት እየተጠላለፉ እንደሚታሰሩ አስተማረው፤ መንጠቆው ቢያመልጥ የተሳቢው የፊት መጎተቻ ብረት መሬት ከመውደቁ በፊት ሰንሰለቶቹ እንዲቀልቡት። ወንድሟ አሥር ጊዜ አሰረ፣ አሥር ጊዜ ፈታ። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የጣፈጣት ዳቦ የለም።

«አልጨረሽም?» ወንድሟ የጎማ ማጠቢያ ውሃ የሞላ ባልዲ ይዞ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ፍሬን ቀሪ ነው» አለችው።

ባልዲውን አስቀመጠ። ግቢውን፣ ከዚያም የቤቱን በር አየ። ከሸሚዝ ኪሱ የሽምብራ ፍሬ የምታህል አምፖል አወጣና መልሶ ከተታት።

«የፍሬን ዘይት ሞልቼበታለሁ። ቢያፈስም ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሰውዬው መኪና ናት።»

«ሰውዬው እኮ ውሃ ነው የሚጎትትባት! ቧንቧ የማይደርሳቸው ቤቶች የት እንዳሉ አታውቅም? ዳገቱ ላይ! ሞልቶ ወጥቶ፣ ያልሸጠውን ይዞ ሊወርድ ነው።»

«ቀስ በይ፣ አባዬ ይሰማሻል።» በሩን ከፍቶ ከጎኗ ተቀመጠ። «ሐሙስ ነው የዓይኑ ሕክምና ቀጠሮ፤ ገንዘቡ ደግሞ ከዚህች መኪና ነው የሚወጣው። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል። ቀኙ አልቆለታል፤ ግራውም ከዚህ ሳምንት ካለፈ ማንም አይመልሰውም። ሁለት ገዢ ያቺን ቀይ መብራት አይቶ ጀርባውን ሰጥቶናል። መካኒኩ ደግሞ ዕቃው እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ጠብቁ አለኝ። ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኝ!»

ልጅቷ የቤቱን በር አየች።

«አባዬ ያውቃል?»

«ምንም አያውቅም። አውቆ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድ...» አለና ዋጠው። ዓይኑን ወደ ባልዲው ጣለ።

ልትናደድበት ፈለገች፤ አቃታት። አባታቸውን በየማለዳው ጺሙን የሚላጨው እሱ ነው። ክንዱን ይዞ ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይቀላት ነበር።

ገዢው ውሃ አመላላሽ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በእግሩ መጣ። ደረቱ ሰፊ፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የራሰ ሰው ነው። ፒካፗን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ከኋላ ተንበርክኮ የመጎተቻውን መንጠቆ በእጁ ነቀነቀ፤ ደስ አለው።

«ጠንካራ ናት» አለ። «የኔዋ አርጅታብኝ ተሳቢዋ ሥራ ፈታ ተቀምጣለች። ሰፈሩም በውሃ እጦት ይረግመኛል። የመጨረሻዋ ልጄ ደግሞ አለች፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከጎንህ ካልተቀመጥኩ መንገድ አትወጣም ብላ የምታለቅስ። አዲስ መኪና ሊመጣ ነው ብያት ትናንት እንቅልፍ አልወሰዳትም።»

ልጅቷ ጨርቁን አጥፋ ዘረጋች፣ አጥፋ ዘረጋች። ወንድሟ ስለ ጎማዎቹ ያወራ ጀመር። ስለ ጎማዎቹ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

አባታቸው ግድግዳውን እየዳበሰ ከቤት ወጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ አንድ ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎታል። ሰላምታ ከሰጠ በኋላ እጁ ኮፈኑን አገኘው፣ ከዚያ የቀኝ መብራቱ አጠገብ ያለችውን ጎድጓዳ አገኛት፤ አውራ ጣቱን እዚያ አሳረፈ።

«በደንብ ይያዟት» አለው ገዢውን። «አኩርፋ አታውቅም። የሚያማት ነገር ካለ ደግሞ ራሷ ትናገራለች፤ ማድመጥ ብቻ ነው።»

«ምስክርነትዎ ይበቃኛል፣ ጋሼ» አለ ውሃ አመላላሹ።

ወንድሟ ቁልፉን ለገዢው ሊያቀብል እጁን ዘረጋ። አባታቸው ግን «ቆይ እስቲ» አለ። «አለቃ የት አለች?»

«አለሁ፣ አባዬ።»

«ከመሄዷ በፊት አንዴ ስም ጥሪ እናድርግ። ለመጨረሻ ጊዜ።» ፈገግ አለ። «እኔ እጠራለሁ፣ አንቺ ታይልኛለሽ።»

ወንድሟን አየችው፤ ከገዢው ትከሻ ጀርባ ቆሞ መዳፉን የሸሚዝ ኪሱ ላይ አድርጓል።

ቁልፉን ከወንድሟ ተቀብላ አባቷን ደግፋ አስገባችው። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፣ መቀመጫው ላይ ተመቻቸ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተቀመጠበት ቦታ ነው። የእጅ ፍሬኑን ሳይፈልግ አገኘው። እሷ ዞራ ከጎኑ ገባች፤ እግሯ ድሮ ወለሉን አይነካም ነበር፣ አሁን ጉልበቷ ዳሽቦርዱን ይገፋል። ቁልፉን ግማሽ አዞረችው። አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባትሪ?»

«አለ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነባት።

«ምንድነው ይሄ? ቁርስ አልበላሽም? ዘይት?»

«አለ!»

«ሙቀት?»

«አለ!»

«ሞተር?»

«አለ!»

«ነዳጅ?»

«አለ። እንደ ልማዱ ርቦታል።»

አባቷ ከልቡ ሳቀ። ውሃ አመላላሹም በመስኮቱ ተደግፎ ሳቀ። ድሮ እንደዚህ ነበር፤ በትክክል እንደዚህ ነበር፤ ምነው እዚህ ላይ በቆመ ብላ ተመኘች።

«ፍሬን?»

አባቷ ፊቱን ወደ ዳሽቦርዱ አድርጓል። ስድስቱም ቢበሩ አያያቸውም። «አለ» ብትለው ለእሱ ይበራል፤ ሐሙስ ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ ምናልባት ግራ ዓይኑ ይተርፋል፣ ምናልባት አንድ ቀን ፊቷን አይቶ «አለቃ፣ አደግሽ» ይላታል። አንዲት ቃል ናት። ሺህ ጊዜ ያለቻት ቃል ናት። ከዚያ በእሷ ቦታ፣ እግሯ ወለል የማይነካ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ትቀመጣለች፤ ቁልቁለቱ ሲጀምርም የሚነግራት መብራት አይኖርም።

«ፍሬን?» አለ አባቷ እንደገና፤ ያልሰማች መስሎት።

«ቀሪ» አለች።

መሪው ላይ ይንቀሳቀስ የነበረው አውራ ጣቱ ቆመ። ውሃ አመላላሹ ከመስኮቱ ቀና አለ።

«ትናንት ረባሽ ነበር፣ አባዬ። ዛሬ ቀርቷል።»

ወንድሟ ዞሮ በአባቱ በኩል መጣ። ፊቱ ደም መስሏል። ከኪሱ አምፖሏን አውጥቶ የአባቱን መዳፍ ገለጠና አስቀመጠለት። አባታቸው በሁለት ጣቱ እያሽከረከረ ዳሰሳት። ምን እንደሆነች ለማወቅ ጊዜ አልወሰደበትም።

«ለሐሙስ ብለህ ነው?» አለ በዝግታ።

«አዎ፣ አባዬ።»

አባታቸው አምፖሏን መዳፉ ላይ መለሳት። ልጅቷ ዓይኖቿን ጨፍና ቁጣውን ጠበቀች።

«ቀሪ ካለስ?» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

የመለሰለት ወንድሟ ነበር። «አንነሳም» አለ።

ውሃ አመላላሹ አንገቱን አከከ። መንገዱን አየ፣ መንጠቆውን አየ፣ መሪውን ይዞ የተቀመጠውን ሰው አየ። ይሄዳል ብላ አሰበች። እሱ ግን እጅጌውን ሰበሰበና «እስቲ ኮፈኑን ክፈቱልኝ» አለ። «ከየት እንደሚያፈስ ልየው። ቃል ግን አልገባም።»

«ማንም አልጠየቀዎትም» አለ አባቷ። «ማየት ግን ጥሩ ነው።»

ወንድሟ ኮፈኑን ሊከፍት ሄደ። ልጅቷ ቁልፉን አጥፍታ ነቀለችውና አባቷ እጅ ላይ፣ ከአምፖሏ አጠገብ አኖረችው። ከዚያ ወረደች። ግቢው ወደ በሩ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ከአጥሩ ሥር ሁለት ድንጋይ መርጣ አነሳች፤ ተንበርክካ አንዱን በቀኙ፣ ሌላውን በግራው ጎማ ሥር አደረገች፤ በእግሯም ገፋ ገፋ አድርጋ አጠበቀቻቸው።