ከሦስት አገር የመጣ አንድ ድንጋይ

ስሙኝማ... ይህ ከወዲያ ከወዲህ የቃረምኩት ተረት አይደለም። ጨው ስናጣ በአጥር በኩል የምንቀባበል ጎረቤቴ ላይ የደረሰ ነው።

ደግሞ በውድቅት ሌሊት እንዳይመስላችሁ። በጠራራ ቀን ነው ልላችሁ አልኩና ሐምሌ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ወጨጫ ተራራ። ጭጋግ ውስጥ።

ሰበታ ያለ ሰው በሩን ሲከፍት የሚያየው ያው ወጨጫ።

የነገረችኝ ራሷ ተስፋነሽ ናት። "ጻፊው እትዬ፣ ግን አሁን ያለሁበትን እንዳታወጪ" ብላኛለች። አላወጣም።

ተስፋነሽ ሰበታ ካሉት ፋብሪካዎች ባንዱ ክር ታጠነጥን ነበር። ባሏ ይገዙ ሹፌር ነው። የሚነዳው ድንጋይ የሚያጠኑ ሰዎችን ነው። ሳይናይት የሚባል ድንጋይ በአገሪቱ የት የት እንዳለ እየዞሩ ካርታ ላይ ያሰፍራሉ።

መጀመሪያ ስሰማ ሳይናይት የሴት ስም መስሎኝ ነበር።

"ደግሞ እሷ የማን ልጅ ናት?" ብያት ተስፋነሽ በሳቅ ፈረሰች።

ሌላው ባል ወለጋ ሲሄድ ማር ያመጣል። ይገዙ ግን ከሄደበት ሁሉ ለሚስቱ ጭብጥ የምታክል ድንጋይ ነበር የሚያመጣላት።

"ይህቺ የወለጋ ናት።"

"ይህቺ የሐረርጌ።"

"ይህቺ ደግሞ ከጉጂ።"

እሷም እንደ ወርቅ ተቀብላ መስኮቱ ደፍ ላይ ትደረድራቸዋለች። ፍቅር እንዲህ ያደርጋል እንግዲህ፤ ምን ይባላል።

እራት በልተው ሲጨርሱ ያስተምራት ነበር።

"ሳይናይት ምድር ሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ነው" ይላታል። "ስለዚህ ፍሬው ትልልቅ ነው፣ በዓይን ይለያል። ትራካይት ወንድሙ ነው። እሱን ግን እሳተ ገሞራ ውጭ ተፍቶት ቶሎ ቀዘቀዘ፣ ፍሬው ደቀቀ። የኛ ወጨጫ ትራካይት ነው። ፉሪም፣ የረርም። ለሳይናይት ሩቅ ነው የሚኬደው።"

"እኔ በምን እለያቸዋለሁ?"

"በውሃ አርጥበሽ እያቸዋ።"

ይህን ያስተማራት ራሱ ነው። ልብ በሉ።

ለፋሲካ ከጉጂ መጣ።

በር ላይ አገኘሁትና "ደህና ዋልክ ይገዙ?" አልኩት።

"ደህና ዋልክ" አለኝ።

"ዛሬ ደግሞ ወንድ ሆንኩልህ?" ብዬ ሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም። እኔ ስቄ እስክጨርስ ጠበቀ... ከዚያ ልክ እንደኔ አድርጎ ሳቀ።

መንገድ አድክሞታል አልኩ።

ተስፋነሽም ደክሞታል አለች። ስድስት ዓመት በኖረበት ቤት ጨው የት እንዳለ ጠየቃት። ተቀምጦ ወንበሩን አልተደገፈም። የጉጂ ፀሐይ ላይ ከርሞ አንገቱ አልጠቆረም። አልጋው ላይ ሲወጣ ጣውላው የእህል ኩንታል እንደተጣለበት ሲጥ አለ።

"ተስፋነሽ" እያለ ሙሉ ስሟን ነበር የሚጠራት። ቀስ ብሎ... ፊደል እንደሚቆጥር ሰው።

ይገዙ ከተጋቡ ጀምሮ "ተስፍዬ" እንጂ ተስፋነሽ ብሏት አያውቅም።

በማግስቱ ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ። በሳምንቱ ሲመለስ ግን የድሮው ይገዙ ነው። ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ "ተስፍዬ" ይላል። እሷም ነገሩን ረሳችው። ሚስት ብዙ ነገር መርሳት ታውቃለች።

ሐምሌ ሲገባ "አሁን ደግሞ ቦረና ነው" ብሎ ወጣ።

እሱ በሄደ ሰሞን ተስፋነሽ ማርገዟን አወቀች። ስድስት ዓመት ሙሉ የጸለዩለት ልጅ ነው። ቸርች ቆማ ስንቴ እንዳለቀሰች እኔ አውቃለሁ።

ለኔ ብቻ ነገረችኝ።

"ለሱ በስልክ አልነግረውም እትዬ። ፊቱን እያየሁ ነው የምነግረው።"

ጤና ጣቢያ ወሩን ወደ ኋላ ሲቆጥሩላት የተፀነሰበት ፋሲካ ላይ አረፈ።

ፋሲካ ጥሩ ቀን ነው አልኳት። እውነቴን ነበር።

ያን ቅዳሜ ዝናቡ በመስኮቱ ገብቶ ደፉን አራሰው። ተስፋነሽ ልትወለውል ድንጋዮቹን ሰብስባ አነሣቻቸው። የወለጋዋ ከጉጂዋ ጋር እጇ ላይ ተጋጩ።

ቀጭ።

ገጠሙ።

ልታላቅቃቸው ስትሞክር የተሰበሩበት ጎን አንድ መሆኑን አየች። አንዷ ጋ የወጣው ጥርስ፣ ሌላዋ ጋ ጎድሏል። የሐረርጌዋን አመጣች። እሷም ገባች። በመሐል ፀጉር የምታሳልፍ ክፍተት የለም።

ከሦስት አገር የመጣ አንድ ድንጋይ።

በውሃ አረጠበችው። አመድማ ነው። ፍሬው የደቀቀ።

ውጭ ወጥታ የቤቷን መሠረት አረጠበች። መሠረቱ የተሠራው ከወጨጫ በወረደ ድንጋይ ነው።

ያው ነው።

ሦስቱን እቅፍ አድርጋ እኔ ቤት መጣች። እኔም አሁን እናንተ ያሰባችሁትን አሰብኩ።

"ሴት ናት" አልኳት። "ቡራዩ ወይ ሱሉልታ ቤት ተከራይቶላት ይሆናል። ወንድ ሲዋሽ ሩቅ አገር ይጠራል እንጂ ሩቅ አይሄድም።"

ምነው አፌን በቆረጠው።

ይህን ስንባባል ስልኳ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አደረገችውና አብረን ሰማን።

"ተስፍዬ፣ ዛሬ ማታ እገባለሁ።"

"የት ነህ አሁን?"

"ገና ቦረና ነኝ። ሙቀቱ አይጣል ነው።"

በዚህ መሐል የፋብሪካው ሳይረን ጮኸ። ፈረቃ መቀየሪያው ነው፣ ሰበታን ሁሉ ያዳርሳል። በመስኮቴ ገባ...

በስልኩም ገባ።

ስልኩ ተዘጋ። ተያየን።

የተጫጩ ሰሞን ወጨጫ ወስዶ ያሳያት አንድ ትልቅ ቋጥኝ ነበር። መጀመሪያ ያጠኑት እሱን ነው፣ ይወደው ነበር። ካለም እዚያ ነው ያለው አለች።

"ጉልበቴ ነው እንጂ አብሬሽ እወጣ ነበር" አልኳት። ጉልበቴን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሳት። ከዚያ ባሕር ዛፉን ይዛ በእግሯ ወጣች። ጭጋጉ እየወረደ ነው። ጭራሮ የሚለቅሙ አንድ ሽማግሌ አገኘች፣ ኦቦ ሐምዱ ይባላሉ።

"ኤሳ ዴምታ፣ ኢንተላ ኮ?" አሏት። ወዴት ነው ልጄ ማለታቸው ነው።

"ባሌን ፍለጋ ነው፣ ኦቦ።"

"የቱን?"

"ስንት ባል ያለኝ መሰለዎት?"

"መንትያዎቹን ነዋ። ሹፌሩንና ያንን ዝምተኛውን።"

ይገዙ መንትያ የለውም። ወንድምም የለውም። እናቱን ዱራሜ ድረስ ሄዳ ታውቃቸዋለች፤ የወለዱት እሱን ብቻ ነው።

ኦቦ ሐምዱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እኔ እነሱ ካሉበት ጭራሮ አልለቅምም።"

"ለምን?"

"ያኛው... ዝናብ ሲመታው ዓይኑን አይጨፍንም።"

ሸክማቸውን ተሸክመው ወረዱ። ዞር ብለው አላዩም።

ተስፋነሽ መመለስ ነበረባት። እኔም በኋላ ብያታለሁ። ግን ማታ ይመጣል። ማታ በሩን የምትከፍትለት ማን እንደሆነ፣ ሆዷ ያለው የማን እንደሆነ፣ ሳታውቅ እንዴት ትመለስ?

ወጣች።

ከማየቷ በፊት ሰማች።

"ተስ...ፋዬ።"

"አይደለም። ተስፍዬ። ዝቅ አድርገው። ውስጡ ትንሽ ሳቅ አለበት።"

"ተስፍዬ።"

"ተሻለ። ድገመው።"

አንድ ትልቅ ጽድ ነበር። ከግንዱ ጀርባ ተለጠፈች።

ቋጥኙ ሥር ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ያው ሰማያዊ ጃኬት። ያው ትከሻ። ያው፣ እሷ በመቀስ የምታስተካክለው ማጅራት። ከቋጥኙ ፊት ላይ አንድ የተቀመጠ ሰው የሚያክል ቦታ ጎድሏል። የጎደለው ድንጋይ መሬቱ ላይ የለም።

ስልኳን አወጣች። ድምፁን አጠፋችና ደወለች።

አንደኛው ኪሱ ገብቶ ስልክ አወጣና ጆሮው ላይ አደረገ።

ሌላው... ባዶ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

"ሄሎ፣ ተስፍዬ።"

"የት ነህ?"

"ቦረና ነኛ። ምነው ታንሾካሹኪያለሽ?"

"ጉሮሮዬን አሞኝ ነው።"

"አይዞሽ። ማታ እገባ የለ።"

ስልኩን በመዳፉ ሸፈነው። የሸፈነው ስልኩን ነው እንጂ ጭጋጉን አይደለም። የተናገረው ሁሉ ቃል በቃል ከዛፉ ጀርባ ደረሳት።

"ዛሬ አንተ ነህ የምትሄደው።"

ያኛው ራሱን ነቀነቀ።

"እንደ ፋሲካው ሁን። ብዙ አታውራ። ጨው ከመደርደሪያው ሥር ነው፣ ዳግመኛ እንዳትጠይቃት።"

"አንተስ?"

"እኔ ደክሞኛል።"

ይህንኑ ነው ያለው። እኔ ደክሞኛል። እንደ አንድ ተራ ነገር። ሽፍት ተቀያይሮ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ዘበኛ።

ተስፋነሽ ሆዷን ያዘች።

"እትዬ" አለችኝ በኋላ፣ "ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ እዚያው እልል እል ነበር።"

ይገዙ ስልኩን ለያኛው አቀበለው።

"በል እስኪ አነጋግራት" አለው። ራሱ ግን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አቀረቀረ።

"ተስፍዬ።"

ልክ መጣ። ዝቅታው ልክ ነው። ሳቁ ውስጡ አለ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ባታይ ኖሮ፣ ስድስት ዓመት የሰማችውን ድምፅ ነው ብላ ትምል ነበር።

አፏ ከሷ ቀደመ።

"ወዬ" አለች።



ስልኩ ውስጥ ነፋሱ ይሰማል። ጭራሮ ሲሰበር ይሰማል። ትንፋሽ ግን አይሰማም።

ከዚያ ቀስ ብሎ... በዚያው ድምፅ...

"የሁለት ነፍስ ሰው ዳገት አይወጣም።"

ይገዙ ካቀረቀረበት ቀና አለ።

"ምን አልካት?" አለ። ድምፁ ተሰበረ። "አንተ... ምን አልካት? እሱን አላስተማርኩህም።"

ያኛው አልተነሣም። ወደ ዛፉም አልዞረም።

ስልኩን ባንድ እጁ ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ ሌላውን እጁን ወደ ኋላው፣ ጽዱ ወዳለበት ዘረጋ። ዝቅ አድርጎ፣ መሬቱ አጠገብ፣ መዳፉን ከፍቶ አቆየው...

መራመድ የጀመረ ልጁ ዳዴ ብሎ መጥቶ ጣቱን እስኪይዝለት እንደሚጠብቅ አባት።