የጋሽ መዶሻ በር

በዚያ ዓመት ብርዱ ቀድሞ ገባ፤ ቶሎም አልወጣ። ጠዋት ጠዋት የቧንቧ ውኃ እንቢ ይል ነበር። ከሰል ተወደደ። ሽማግሌዎች ተራ በተራ ሞቱ፤ ቀባሪም ታከተው። ባዕዳን ገዢዎች ድንጋይ በሚፈለጥበት ካባ ውስጥ በግዳጅ ካሠሯቸው ሰዎች መካከል ካሳ ጠይቀው የከሰሱት ድሮም ጥቂት ነበሩ። ክሱ ዓመታት ሲንከባለል እነሱም አለቁ። ብርዱ ሲገባ ሦስት ቀርተው ነበር። ከገዢዎቹ አገር የመጡት ዳኞች ምስክር ሊሰሙ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ከሦስቱ አንዱ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ።

ሟቹ ግንበኛ ነበር፤ ጋሽ መዶሻ ይሉታል። ሚስት አላገባም። ከግቢው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ነበር የሚኖረው። ሞቶ ያገኘው፣ ግድግዳ የሚጋራው የእህቱ ልጅ ነው። ልጁ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሥራ ሊሄድ ሲወጣ የአጎቱ በር ተዘግቶ አየ፤ ታግሎ ሳበና ከፈተው። ጋሽ መዶሻ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል። ፊቱ ቀልቷል። ከአልጋው አጠገብ ያለው ማንደጃ አመድ ብቻ ይዟል።

የሰፈሩ ፖሊስ ብዙ አላሰበም። በዚያ ብርድ በከሰል ታፍኖ የሞተ እሱ የመጀመሪያው አልነበረም። ሆኖም ሟቹ ምስክር ስለነበር አለቃው መርማሪ ላከ።

የመጣችው መርማሪ በመሥሪያ ቤቷ ወንፊት ትባላለች፤ ብናኝ አታሳልፍም ለማለት ነው። ስታወራ ድምጿን አታነሳም፤ ቤቷ የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ ከሥራም ተቻኩላ አትወጣም። ክፍሉ መካከል ቆማ ዙሪያውን አየች። አንድ መስኮት፣ የማይከፈት። አንድ አልጋ። አንድ የሳል ሽሮፕ። ከደጅ፣ በሩ እንዳይዘጋ ሥሩ የሚደገፍ ድንጋይ፣ አሁን ወደ ጎን ተንከባሎ።

«እስቲ ያን በር ዝጋው፤ በረደኝ» አለችው ፖሊሱን።

ፖሊሱ ወጥቶ ገፋው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው፤ ሲኖር ሲኖር ከማጠፊያው ወርዶ መሬት ነክሷል። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ደግሞ ገፋ፤ ደግሞ ቆመ።

«አይዘጋም እኮ!» አለ።

«ታዲያ ማታ ማን ዘጋው?»

ወንፊት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ለማንም እንዳይነግር፣ ሰው ሁሉ ከሰል ነው የገደለው ብሎ እንዲያምን አዘዘችው።

የእህቱን ልጅ ጠየቀችው። ዓይኑ አብጧል። ከአጎቱ ጋር ይጣሉ እንደነበር ጎረቤት ስለሚያውቅ ራሱ ቀድሞ ተናገረ። ጠባቸው በበሩ ነበር። አጎቱ ክረምት ከበጋ በሩን ከፍቶ ነው የሚተኛው።

«ከሰሉ የሚያሞቀው እሱን አልነበረም፤ መንገዱን ነበር» አለ። «አንድ ቀን፣ አጎቴ፣ ደጁ ላይ ተኛና ይለይልህ አልኩት። ሳቀና፣ አንተ ስታገባ ምሥጢር ስለሚበዛብህ ትዘጋለህ፤ እኔ ምን አለኝ አለኝ።»

ያን ማታ ሽሮፑን የሰጠው እሱ ነው። ሽሮፑ እንቅልፍ ያመጣል። ከዚያ ድንጋዩን በሩ ሥር ደግፎ ወጣ። ግቢው ውስጥ ያገኘው የሰፈሩን ሰዓት ሠሪ ብቻ ነው፤ የአጎቱን ሰዓት ጠግኖ ሊያደርስ መጥቶ ኖሮ፣ መድኃኒቱን ወስዶ ተኝቷል፣ ነገ ይምጡ ብሎ መለሰው።

«ሰዓቱን ራሱ አጎትህ ለምን አላመጣውም?»

ልጁ አሰበ። አጎቱ በሳምንቱ መጀመሪያ ሰዓቱን ሊያመጣ ሄዶ ነበር፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። እራት አልበላም። ምን ሆንክ ሲለው፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤቴ ነበር» ብቻ አለ። ማን እንደሆነ አልነገረውም።

ቀጥሎ የገዢዎቹን ወገን ጠበቃ አነጋገረች። ወጣት ነው፤ የዚሁ አገር ልጅ፤ ጫማው ያብለጨልጫል። በሞቱ ዋዜማ ወደ ማታ ጋሽ መዶሻ ዘንድ ሄዶ ክሱን እንዲተው በገንዘብ ሊያባብለው እንደሞከረ አልካደም። ሽማግሌው አልተቆጣም። ቁጭ በል አለው፤ ገንዘቡን ግን አልነካም። ጠበቃው ካፖርቱን እንደለበሰ ተንቀጥቅጦ ወጣ።

«ብርድ ሊገድለኝ ነበር» አለ። «በሩን ልዝጋ ብለው እንቢ አለኝ። ልዝጋ ብልም መዝጋቱን አልችልበት።»

«ያለ እሱ ክሱ ምን ይሆናል?»

ጠበቃው አንገቱን ደፋ። «ይወድቃል። በዓይኔ አየሁ የሚል ሌላ የለም።»

ያየው ነገር ምን እንደሆነ ወንፊት ከሌላው ከሳሽ፣ ከአንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌ ሰማች። ቤቱ ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሱ ሁለት ካፖርት ደርቦ ተቀምጧል። ከካባው የወጣ ሰው በር ዘግቶ እንደማይተኛ ነገራት። ያን ዘመን ሠራተኞቹ በዝናብ ርሰው ሲገቡ፣ ልብሳቸውን ያደርቁ ዘንድ ከሰል ገባላቸው። ዛሬስ ራሩልን አሉ። ከዚያ የማደሪያቸው በር ከውጭ ተቆለፈ። ሲነጋ አብዛኞቹ አልተነሡም። እሱ ራሱን ስቶ ሰነበተ፤ ሲነቃ ዓይኑ ጠፍቷል። ጋሽ መዶሻ ያኔ ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር። በበሩ ሥር ባለው ቀዳዳ አፍንጫውን ደቅኖ ተረፈ፤ ሬሳዎቹንም እሱን አስቆፍረው ቀበሩ። ገዢዎቹ ግን ሟቾቹ ኮበለሉ ብለው ጻፉ።

«ቀዳዳውን ማን ለቀቀለት?»

«የጎረቤታችን የከሰል ሻጯ ባል። እዚያ የተኛው እሱ ነበር። አንተ ልጅ ነህ፣ እዚህ ተንፍስ ብሎ ጎተተው።»

ከሰል ሻጯ ከሟቹ ግቢ በር ላይ ጆንያዎቿን ደርድራ ትውላለች። ጋሽ መዶሻ ያን ማታ ያነደደው ከሰል የእሷ ነበርና ሰው ገና ከአሁኑ ይንሾካሾክባታል። ወንፊት አጠገቧ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እማማ፣ እርስዎ ከክሱ የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

«ገንዘቡን ነው የምትይኝ?» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ይምጣ፣ አልጠላም። እኔ ግን ስኖር የተባልኩትን ልንገርሽ። ባልሽ ጥሎሽ ሄደ ተባልኩ። ሌላ አገር ሌላ ወልዷል አሉኝ። የሞተባት ለቅሶ ትቀመጣለች። እኔ ለምን ልቀመጥ? የሸሸ ሰው አይለቀስለትም። ጋሽ መዶሻ ከዳኛ ፊት ቆሞ ሞቷል ሊልልኝ ነበር። እስከዚያ ልሙት አላልኩም።»

ወንፊት የወደቀ ከሰል አንሥታ ጆንያው ውስጥ ከተተች። ማባበያ ቃል አታውቅም።

በመጨረሻ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄደች። ሦስተኛው ከሳሽ እሱ ነው። ሱቁ እንደ ሣጥን ጠባብ ነው፤ ከኋላው መኝታው። የመኝታው በር ከውስጥ ሦስት መቀርቀሪያ አለው። ሌባ በዛ አለ፣ ሳትጠይቀው። ስለ ሟቹ ሲናገር ድምፁ አልተሰበረም። ሱቁን ሁልጊዜ የሚዘጋው ሰው ሁሉ ቤቱ ከገባ በኋላ ነበር፤ በዚያ ብርድ ግን በጊዜ መዝጋት ጀምሯል። የምሳ ሰዓት ስለነበር አብረው ወጡ። ሰዓት ሠሪው ዞር ብሎ በሩን ዘጋ። አዘጋጉን አየችና ሄደች።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ሁሉንም በግቢው ሰበሰበች። ምርመራው አልቋል፣ አደጋ ነው፣ ቤቱን ላሽግ ነውና በምስክርነት ትፈርማላችሁ ብላ ነበር የጠራቻቸው። ዐይነ ስውሩ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከሰል ሻጯ ከአጠገቡ ቆመች። ነፋሱ ስለት ነው።

«በሩ ይዘጋና ላሽገው» አለች ወንፊት።

የእህቱ ልጅ ገፋ፤ አልሆነም። ጠበቃው ካፖርቱን ሰብስቦ አገዘው፤ ሁለቱም ተንሸራተቱ። ፖሊሱ መዶሻ ልፈልግ አለ፤ ልጁ መዶሻማ ትላንት ቀበርን አለና ስቆ፣ ሳቁ መሃል ላይ አለቀሰ። ቅዝቃዜው የሽማግሌዎቹ አጥንት ውስጥ ገባ። ሰዓት ሠሪው ሲቁነጠነጥ ቆይቶ፣ ያልሆነ ሥራ ማየት እንደማይችል ባለሙያ ብድግ አለ።

«እንዲህ አይደለም፤ ልቀቁት» አለ።

የጫማውን ጫፍ ከበሩ ሥር ሰደደ። ትከሻውን አስደገፈ። አንዴ ከሥር ድም፣ አንዴ ከላይ ድም አደረገው። በሩ ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ ቦታው ገባ።

ዐይነ ስውሩ ሽማግሌ ከበርጩማው ተነሣ። እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ።

«ማነው?» አለ። «ማነው የዘጋው?»

ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተራመደ።

«ይኼን ድምፅ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ ትከሻ። በየማታው እሰማው ነበር። ያን ቀንም የሰማሁት መጨረሻ ነገር ይኸው ነው።»

ወንፊት ሰዓት ሠሪውን አልያዘችውም። ወዴት ይሄዳል።

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ጋሽ መዶሻን የገደለ ሰው ወደ ክፍሉ ምንም ይዞ አልገባም። ከሰሉ ሁሌም ነበረ፤ በሩ ክፍት ስለሆነ አይጎዳውም። ሽሮፑም ነበረ። ገዳዩ የጨመረው ነገር ቢኖር በሩን መዝጋት ነው። በሩን መዝጋት ግን ዘዴ ይጠይቃል፤ ጠበቃውና የእህቱ ልጅ እንደማይችሉ አሁን ታየ። የከሰል ሻጯ የክስ ተስፋ ጋሽ መዶሻ ነበር፤ ጉድጓዷን አትቆፍርም። ዐይነ ስውሩ የካባው ሰው ነው፤ በር ከዘጋ ዘመን አልፎታል። ካባው ውስጥ ነበርኩ እያለ ግን በሦስት መቀርቀሪያ ተዘግቶ የሚተኛ አንድ ሰው አለ። የሱቁ በር አዲስና ቀላል ነው፤ በአንድ ጣት ይዘጋል። እሱ ግን እግሩን ከሥር ሰዶ፣ በትከሻው አንሥቶ ይዘጋዋል። ከባድ በር ሲዘጋ የኖረ ሰው ልማድ ነው። ጋሽ መዶሻ ሰዓቱን ሊወስድ የሄደ ዕለት ያየው ይህን ነው። ሽሮፑን ጠጥቶ መተኛቱን ከእህቱ ልጅ የሰማውም እሱ ብቻ ነው።

«ካባው ውስጥ ነበሩ፤ አልዋሹም» አለችው። «ግን ከበሩ ውጭ።»

ሰዓት ሠሪው ትከሻውን ከበሩ አላነሣም።

«ቁልፍ ያዥ ነበርኩ» አለ። «ዝጋ አሉኝ፣ ዘጋሁ።»

«ሲያንኳኩ ሰሙ?»

«ሰማሁ።»

ከሰል ሻጯ ፊቷን አዞረች።

«ጋሽ መዶሻ ምን አልዎት?»

«ሰኞ ለዳኞቹ ራስህ ንገራቸው፣ ካልሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ አለኝ። አልሰደበኝም። ጊዜ ሰጠኝ። ወደዚህ ሰፈር ስመጣ ካባውን ማወቄን አይተው ከእነሱ ቆጠሩኝ። አይደለሁም ለማለት ቀኑ አለፈኝ። እስር ቤት አልፈራም። ከተዘጋ ቤት ውጭ ኖሬ አላውቅም። ግን ጠዋት ሱቄን ስከፍት እንዴት አደሩ ይሉኛል። ከዚያ ሌላ ሰው የለኝም። ያቺን ሰላምታ አጣለሁ ብዬ ነው።»

ወንፊት የሱቁን መቀርቀሪያዎች አሰበች፤ የራሷንም ቤት አሰበች። ከዚያ አጠገቡ ቆመች።

«ያየ ሰው ሞተ ብለዋል ጠበቃው» አለችው። «ያየ ሰው አልሞተም። እርስዎ አሉ። ነፍስ አጥፍተዋል፤ እሱን ሕግ ይጠይቅዎታል። ሰኞ ግን እሱ ሊል የነበረውን እርስዎ ይበሉ።»

ሰዓት ሠሪው ወደ ከሰል ሻጯ አየ። እሷ አላየችውም።

«እላለሁ» አለ።

ሰኞ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆሞ ተናገረ። አልተሳሳተም፣ አላለቀሰም። ማን እንዳዘዘው፣ በሩን እንዴት እንደቆለፈው፣ ማን ምን ብሎ እንደጮኸ ተናገረ። ጠበቃው ጥያቄ የለኝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ካባው ድረስ ወስዷቸው ሬሳዎቹ የተቀበሩበትን ሥፍራ በእጁ አመለከተ። ሲቆፈር የተባለው ሁሉ ተገኘ።

ፍርዱ ብርዱ ከወጣ በኋላ ተነበበ። የገዢዎቹ አገር ተወካይ ቆሞ፣ እነዚያ ሰዎች አልኮበለሉም፣ በእጃችን ሳሉ ተዘግቶባቸው ሞቱ አለ፤ መንግሥቱ ለቤተሰቦቻቸው ካሳ እንዲከፍል ተፈረደ። አስተርጓሚው ሲጨርስ ከሰል ሻጯ እጇን አነሣች።

«ልጄ፣ የባሌን እንደገና በልልኝ።»

አስተርጓሚው ደገመላት። እሷም ወደ ዐይነ ስውሩ ሽማግሌ ዞረች።

«ሞቷል» አለችው። «ዛሬ ገና ሞተልኝ።»

ከዚያ ተቀመጠችና፣ ዳኞቹ እያዩ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰችለት። ማንም ዝም በይ አላላትም።